ዓይን ከገባ ሰው ገብቷል፦ ስለ ቤታችን ካሜራ



የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን ርዕስ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ማስታወቂያ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ቤት ካሜራ ነው፤ ስለ ፓስወርድ፣ ስለ ራውተር፣ ስለ አፕ። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ደጃፍ ነው።

ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በር ላይ በነበረች ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮልቆ ተመለከተ። እሳቸው በዚያ ሰዓት ራሳቸውን የሚያኩበት የብረት ማበጠሪያ በእጃቸው ነበር። ሰውየው ሲያይ እንደነበር ባወቁ ጊዜ፣ አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ዓይኑን በዚያው ይወጉት እንደነበር ነገሩት። ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም በዓይን ምክንያት መሆኑን አስረዱት።

ልብ በሉ፤ ሰውየው ደፍ አልተሻገረም። ዕቃ አላነሳም፣ ማንንም አልነካም። እግሩ ውጭ ነው፤ የገባው ዓይኑ ብቻ ነው። ለሰው በጣም አዛኝ የነበሩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ብርቱ ቃል ተናገሩ። ዓይን ከገባ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ የሌላን ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ተከልክሏል። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ደግሞ የሰውን ገመና መሰለል ተከልክሏል። ሁለቱንም ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን፤ የምናነባቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው እያሰብን ነው። ዛሬ ገልበጥ አድርገን እንያቸው። ቀዳዳዋን በገንዘባችን ገዝተን፣ ባለሙያ ቀጥረን፣ ግድግዳ አስበስተን የከፈትናት እኛው ራሳችን ስንሆንስ?

ካሜራ ማለት ይኸው ነው። በድሮው በር ላይ የነበረች ቀዳዳ የምታሳየው ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ብቻ ነበር። ኢንተርኔት የገባላት ቀዳዳ ግን ከጂዳም፣ ከሞስኮም፣ ከሰፈር ካፌም ታሳያለች። የሚታየው አንተ ብቻ ብትሆን ኖሮ ጉዳዩ ያንተው ነበር። በዚያች ቀዳዳ የሚታዩት ግን እናትህ ናት፣ እህትህ ናት፣ የወንድምህ ሚስት ናት፣ ቡና ልትጠጣ ጎራ ያለች ጎረቤት ናት፣ ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት። ቤት ነው ብለው ሒጃባቸውን አውልቀው፣ ዘና ብለው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ገመና አንተ ዘንድ ያለ አማና ነው። ስለዚህ የካሜራን ፓስወርድ መቀየር "ቴክኖሎጂ የሚወዱ ልጆች" ትርፍ ሥራ አይደለም።

ካሜራ አትትከሉ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ንብረትን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነው። በር ላይ ካሜራ ስላለ ሌባ የተመለሰበት ቤት ብዙ ነው። የማወራው ስለ መቆለፉ ነው።

ካሜራ "ሀክ ተደረገ" ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየነው ኮፍያውን የደፋ ልጅና ስክሪን ላይ የሚዘንብ አረንጓዴ ጽሑፍ ነው። እውነታው ከዚያ በጣም ተራ ነው። ብዙ ጊዜ በሩ አልተቆለፈም፤ ወይም ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ እየዞረ የካሜራዎችን፣ የዲቪአሮችንና የራውተሮችን በር ሲያንኳኳ ነበር። የያዘው ቁልፍ ምን ነበር? ከፋብሪካ አብረው የሚመጡ 60 ገደማ የዩዘርኔምና የፓስወርድ ጥንዶች ዝርዝር ብቻ። አድሚን ከአድሚን፣ ሩት ከ12345፣ ሩት ከ888888 ጋር። በዚህች ዝርዝር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ማረከ። ከዚያም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህኑ ምርኮኛ መሣሪያዎች ዳይን በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ አዘመተ፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አልሰሙም። ካሜራቸው እንደ ወትሮው ሳሎናቸውን ወይም በራቸውን ያሳያቸዋል፤ በጎን ደግሞ ለሌላ ሰው ወታደር ሆኖ ያገለግላል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሦስት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ጥፋተኛ መሆናቸውን አምነዋል።

ይህ የቆየ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መጨረሻ የደቡብ ኮሪያ ፖሊስ 4 ሰዎችን መያዙን አስታውቋል። የተጠረጠሩት 120 ሺህ ገደማ ካሜራዎችን ሰብረው በመግባት ነው፤ የሰው መኖሪያ ቤት ካሜራዎች ጭምር። ከቀረጹት ውስጥ ለሽያጭ ያቀረቡት አለ፤ ምን ዓይነት ምስል እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ፖሊስ ድክመቱን ሲገልጽ ያነሳው ተደጋጋሚ ቁጥርንና በተርታ የሚሄዱ ፊደላትን የመሰሉ ቀላል ፓስወርዶችን ነው። ከ2016 ጀምሮ ዓለም ብዙ ተለውጧል፤ 12345 ግን አልተለወጠም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ግልጽ ነው። ከካሜራው ወይም ከዲቪአሩ ጋር የመጣውን ፓስወርድ ዛሬውኑ ቀይሩ። አዲሱ ረጅም ይሁን። የስልክ ቁጥር አይሁን፣ የልጅ ስም ከ123 ጋር አይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ብትደረድሩ ለእናንተ ለማስታወስ ቀላል፣ ለገማች ከባድ ይሆናል። መርሳት ካስፈራችሁ ደብተር ላይ ጻፉትና መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። ሌባው ከሌላ አገር ነው የሚመጣው፤ መሳቢያችሁን አይከፍትም። አንዳንድ ርካሽ ዲቪአር ደግሞ አድሚን የሚለው ስም ፓስወርዱ ጭራሽ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ሲከፈት "አስገባ" ብላችሁ ካለፋችሁ የእናንተም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው የመግቢያ መንገድ ከካሜራው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከእኛ ስንፍና ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ወላጆች በልጆቻቸው መኝታ ክፍል የሪንግ ካሜራ ተከሉ። እናት ሥራ ቦታ ሆና ልጆቿን ማየት ፈልጋ ነው። በቀናት ውስጥ የማይታወቅ የወንድ ድምፅ ከካሜራው ወጥቶ የ8 ዓመቷን ልጅ ያናግራት ጀመር። ልጅቷ እየፈራች ማን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ እሱ ይቀልድባት ነበር። ቪዲዮው ዓለምን ዞሯል። ኩባንያው በወቅቱ የእኛ ሥርዓት አልተሰበረም፤ ሰዎች በሌላ ቦታ የተሰረቀባቸውን ፓስወርድ እዚህም ስለሚጠቀሙበት ነው አለ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ለሁሉም ደንበኛ ግዴታ አደረገው። ከመጀመሪያውም ግዴታ ቢሆን ኖሮ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔም እጠይቃለሁ።

እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የጨዋታ ወይም የግብይት ድረ ገጽ ላይ ተመዘገባችሁ እንበል። ያ ድረ ገጽ ተዘረፈ፤ የእናንተም ኢሜይልና ፓስወርድ ከሚሊዮኖች ጋር ተጠርዞ ወጣ። አንድ ሰው ያንን ዝርዝር ወስዶ በኮምፒውተር እያስደጋገመ የካሜራ አፕ ላይ ይሞክረዋል። ሁለቱም ጋ አንድ ፓስወርድ ከተጠቀማችሁ ገባ። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ የካሜራው አፕ ፓስወርድ ሌላ የትም ቦታ የማትጠቀሙበት እንዲሆን ማድረግ ነው። ሁለተኛው አፑ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ነው። እሱ ከበራ ፓስወርዱን ያወቀ ሰው እንኳ ወደ ስልካችሁ የሚላከውን ኮድ ካላገኘ አይገባም። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይልም እንዲሁ ይቆለፍ። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው "ፓስወርድ ረሳሁ" የሚለውን ተጭኖ ሁሉንም ይወስደዋል።

ሦስተኛው፣ ፓስወርድ ጭራሽ የማይጠይቀው መንገድ ነው። እኛ አገር በየሱቁና በየግቢው የምናየው ሂክቪዥን በሴፕቴምበር 2021 (እ.ኤ.አ.) በብዙ ምርቶቹ ላይ የተገኘ ከባድ ክፍተት የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ክፍተቱ አጥቂው መሣሪያውን በኢንተርኔት እስካገኘው ድረስ ያለ ዩዘርኔምና ያለ ፓስወርድ እንዲቆጣጠረው የሚያደርግ ነበር። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች ሲፈትሹ አፕዴቱን ያላደረጉ ከ80 ሺህ በላይ ካሜራዎች ኢንተርኔት ላይ ተጋልጠው አገኙ። መድኃኒቱ ወጥቷል፤ በሽተኛው አልዋጠም። ካሜራ ተሰቅሎ የሚረሳ ዕቃ ነው፤ ስልካችሁን እንደምታድሱት እሱንም አድሱት። አፑ ውስጥ ወይም ዲቪአሩ ሜኑ ላይ "አፕግሬድ" ወይም "ፈርምዌር" የሚል ታገኛላችሁ። አምራቹ ማደስ ያቆመውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ ከኢንተርኔት መንቀል ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ቤታችሁ ከሌለ ዲቪአሩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ገመዱን ከራውተሩ ንቀሉት፤ ካሜራዎቹ ይቀርጻሉ፣ ሃርድ ዲስኩ ያስቀምጣል፣ ሌባ የመጣ ቀን ከፍታችሁ ታያላችሁ። "በስልክ ይታያል" የሚለው ነገር ስለሚያጓጓ ብቻ ሁሉም ያስገናኛል፤ ከሳምንት በኋላ ማንም አይከፍተውም። ለማትጠቀሙበት ነገር በር ከፍቶ መተው ምን ይባላል?

የግድ ከሩቅ መታየት ካለበት ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው በካሜራው ላይ በተለጠፈው ኪውአር ኮድ አማካይነት በአምራቹ አገልጋይ በኩል ማየት ነው። ያን ኮድ ፎቶ አንስታችሁ የትም አትለጥፉ፤ የመሣሪያው መለያ ቁጥር እሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ባለሙያው ራውተሩ ላይ "ፖርት ፎርዋርድ" የሚባለውን ከፍቶ ዲቪአሩን በቀጥታ ለዓለም ማሳየት ነው። ሁለተኛው የድሮ አሠራር ነው፤ ቤታችሁ ካለ አዘጉት። ባለሙያውን "8000፣ 37777 ወይም 554 የሚል ፖርት ከፍተሃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ምን እንደምትሉ ይገባዋል። ራውተሩ ላይ "ዩፒኤንፒ" የሚለውንም አስጠፉ፤ እሱ መሣሪያዎች ሳያስፈቅዱ ለራሳቸው በር እንዲከፍቱ የሚያደርግ ነው። የራውተሩ የራሱ ፓስወርድ ደግሞ ጀርባው ላይ ተለጥፎ የመጣው ከሆነ፣ ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ሁሉ አይቶታል። ራውተራችሁ "ጌስት ኔትወርክ" የሚል ካለው ካሜራዎቹን እዚያ ብቻቸውን አስቀምጧቸው፤ አንዱ ካሜራ ቢጠለፍ እንኳ ወደ ላፕቶፓችሁ መሻገሪያ አያገኝም።

አሁን ወደ አራተኛው ልምጣ። ከሁሉም በላይ እሱ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሰብሮ የሚገባ ሰው የለበትም። በሩን ራሳችን የምንሰጠው ሰው ነው።

በአሜሪካ ዳላስ አካባቢ ኤዲቲ ለተባለ የጥበቃ ኩባንያ የሚሠራ አንድ ካሜራ ገጣሚ ነበር። ደንበኞች ቤት ሲሄድ የራሱን ኢሜይል አካውንታቸው ላይ ይጨምራል፤ አንዳንዴ "ሥርዓቱን ልሞክረው ነው" እያለ፣ አንዳንዴ ሳይነግራቸው። ቆንጆ ሴቶች ያሉባቸውን ቤቶች ይመርጥ ነበር። ለአራት ዓመት ተኩል 200 ገደማ ቤቶችን ከ9,600 ጊዜ በላይ ከፍቶ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጥፋቱን አምኖ 52 ወር ተፈረደበት። እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ለመጠበቅ በየወሩ እየከፈሉ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን ኑ። ካሜራ የገጠመልን ልጅ ጨዋ ነው፤ በአብዛኛው በእርግጥም ጨዋ ነው፣ በሰው ላይ መጥፎ መጠርጠርም ክልክል ነው። ግን አሠራሩን እዩት። አፑን እሱ ይጭናል፤ አካውንቱን ብዙ ጊዜ በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍታል፤ ፓስወርዱን እሱ ያወጣል፤ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፓስወርድ የሚሰጥም አለ። እንደ ሂክ-ኮኔክት ባሉ አፖች አንድ መሣሪያ የሚመዘገበው በአንድ ባለቤት አካውንት ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያየው "ሼር" ተደርጎለት ነው። ገጣሚው በራሱ አካውንት መዝግቦ ለእናንተ ሼር ካደረገላችሁ፣ በገዛ ቤታችሁ እንግዳው እናንተ ናችሁ፤ ባለቤቱ እሱ ነው። ዛሬ አፑን ክፈቱና እዩ። "ከእገሌ የተጋራ" የሚል ነገር ካለበት ልጁን ጥሩትና መሣሪያውን ከእሱ አካውንት ያስወጣላችሁ፤ ከዚያ በራሳችሁ ስልክ መዝግቡት። ይህን መጠየቅ እሱን መጠርጠር አይደለም። ቤት የተከራየ ሰው ቁልፍ ሲቀይር አከራዩን ሌባ አላለም። እንዲያውም ለእሱም ይሻለዋል፤ አንድ ቀን ነገር ቢመጣ ከክሱ ነፃ የሚያወጣው ይኸው ነው።

ይህን የምታነቡ ካሜራ ገጣሚዎች እንዳላችሁም አውቃለሁ። ሥራችሁ የሐላል ሥራ ነው። ደንበኛው ፓስወርዱን በራሱ እጅ ሲጽፍ ፊታችሁን አዙሩ፣ አካውንቱን በእሱ ስልክ ክፈቱ፣ ስትወጡ የእናንተን ስልክ ከመሣሪያው አጥፉ። ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ ይህን የምታደርጉ ከሆነ፣ ስማችሁ ያለ ማስታወቂያ ይዞራል።

ከገጣሚው ቀጥሎ ቤተሰብ አለ። ይህን የምጽፈው ጥያቄው በተደጋጋሚ ስለሚመጣልኝ ነው። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለ ወንድም ደሴ ለሚኖሩት እናቱ ካሜራ ያስገጥማል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ እናቴ ወድቃ ብትቀርስ ብሎ ነው። እናቱ ቤት ግን ታናሽ ወንድሙ ከነሚስቱ ይኖራል። ካሜራው ሳሎን ውስጥ ነው። የወንድሙ ሚስት ለእሱ መሕረም አይደለችም። ከሩቅ አገር ስልኩን ከፍቶ ሳሎኑን ሲያይ ያለ ሒጃብ ያያታል፤ እሷ መታየቷን ላታውቅ ትችላለች። የፓስወርዱ ባለቤት እሱ ነው፣ ካሜራውን የገዛው እሱ ነው፣ ማንም ሀክ አላደረገም። ፈቃድ ግን አለው? የካሜራው አፕ ፈቅዶለታል። በሐዲሱ መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው የሚታየው ሰው ነው፤ የዕቃው ባለቤት አይደለም። ሰውየው ያጮለቀባትን በር ራሱ ሠርቶት ቢሆን እንኳ ማጮለቅ አይፈቀድለትም ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ካሜራውን ከሳሎን አውጡና በሩን፣ ግቢውንና ኮሪደሩን የሚያይ አድርጉት። እናታችሁ የሚያሳስቡ ከሆነ በእሳቸው ፈቃድና በእሳቸው ክፍል ሌላ መላ ፈልጉ፤ በቀን ሦስቴ መደወል ከካሜራ የተሻለ ዜና ይነግራችኋል። ለእህት ወይም ለወንድም እንዲታይ ካስፈለገ ዋናውን ፓስወርድ አትስጡ፤ በአፑ "ሼር" አድርጉ። ሼር የተደረገ ሰው አንድ ቀን ስልኩ ቢጠፋ ወይም ዝምድናው ቢለወጥ በአንድ ንክኪ ይወጣል። ከተፋታ ወይም ከቤት ከወጣ ሰው ስልክ ላይ ካሜራው ሳይጠፋ የቀረበት ቤት ስንት ይሆን?

ሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ አስገራሚ ነገር አለ። በቤት ውስጥ የሚያገለግሉና ገና ያልደረሱ ልጆች፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ ሲገቡ ሲወጡ የሚውሉት እንኳ፣ በሦስት ሰዓቶች አስፈቅደው እንዲገቡ ታዟል። እነሱም ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ ሲወልቅ፣ ከዒሻእ በኋላ ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን እንኳ የሚጠበቅበትን ሰዓት ወስኗል። ካሜራ ግን 24 ሰዓት አይተኛም። ብዙ አፖች የጊዜ ሰሌዳ አላቸው፤ ሌንሱን የሚያዞር ወይም የሚዘጋ "ፕራይቬሲ" የሚባል ምርጫም አለ። ውስጥ ካሜራ የግድ ካለ እነዚህን ሦስት ሰዓቶች እዚያ ሙሏቸው። ካልቻለ ጨርቅ ጣሉበት። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ሠራተኛዋ የምትተኛበት ክፍል ላይ ግን ከነጭራሹ አይተከልም። ያልተቀረጸ ምስል ማንም አይሰርቀውም። በር ላይ ያለው ካሜራ የጎረቤትን መስኮት የሚያይ ከሆነም ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ወይም ሴቲንጉ ውስጥ ያንን ክፍል በጥቁር ሸፍኑት።

ሠራተኛ ካነሳን አይቀር፣ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን እዚህም በዓረብ አገርም አላችሁ። አሠሪ ልጁን ወይም ንብረቱን ለመጠበቅ ካሜራ ቢተክል፣ የት የት እንዳለ የመጠየቅ መብት አላችሁ። መጠየቁ ከከበዳችሁ ልብስ የምትቀይሩበትን ቦታ ምረጡ፤ አምፖል የሚመስል፣ ቻርጀር የሚመስል ካሜራ እንዳለም እወቁ። አሠሪ የሆናችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯት። እሷም በሐዲሱ ውስጥ አለች።

ሰው ገብቶብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁስ? ብዙ ጊዜ ምልክት የለም፤ ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ። አልፎ አልፎ ግን ካሜራው ሳያዙት ይዞራል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ወይም አፑ ላይ የማታውቁት ስልክ ተመዝግቦ ይታያል። ያኔ መጀመሪያ ያያችሁትን በፎቶ ያዙ። ከዚያ ካሜራውን ከመብራት ንቀሉት። ቀጥሎ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ፣ ከዚያ የአፑን፣ ከዚያ የራውተሩን ቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። የማታውቁትን ተጠቃሚ ሁሉ አስወጡ። ካሜራውን ከጀርባው ባለችው ቁልፍ ሪሴት አድርጋችሁ፣ አድሳችሁ፣ በአዲስ ፓስወርድ አስነሱት። ምስል ይዤብሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ አትክፈሉ፤ ከፋይ መሆናችሁን ካወቀ ይመለሳል። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባት ብቻውን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ያስቀጣል። ለፖሊስ አመልክቱ፤ ለዚያም ነው ፎቶውን መጀመሪያ ያዙ ያልኩት። በተለይ እህቶች፣ እፍረቱ የሰባሪው ነው፤ ዝም ብላችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት። ወንድሞች ደግሞ፣ እህታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ብትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ምን ለብሰሽ ነበር?" አይሁን። በቀዳዳ ባጮለቀው ሰው ጉዳይ የተወቀሰው አጮላቂው ነው።

እንዲህ ያለ ምስል በቴሌግራም ቢደርሳችሁስ? መክፈት ራሱ በዚያች ቀዳዳ ማጮለቅ ነው። አታስተላልፉ፣ "እዩ ጉድ" ብላችሁ ለጓደኛ አታሳዩ፣ አጥፉት። የምስሉን ባለቤት የምታውቁ ከሆነ በዘዴ ንገሩት፤ ካሜራው ክፍት መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ አሮጌ ዕቃ። ቤት ስትቀይሩ ወይም ዲቪአር ስትሸጡ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ የሳምንታት ሕይወታችሁ አለ። የዋይፋይ ካሜራ ከሆነ ሚሞሪ ካርዱ ውስጥ አለ። ካርዱን አውጡና ለራሳችሁ አስቀሩ። ሃርድ ዲስኩን ከሜኑው "ፎርማት" አድርጉ፤ የበለጠ መጠንቀቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዲስኩን አስቀርታችሁ ሳጥኑን ብቻ ሽጡ። ከዚያ መሣሪያውን ከአፑ ላይ ሰርዙት። ሳትሰርዙት ከሸጣችሁት ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲሰካው የእሱ ሳሎን እናንተ ስልክ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ በቀዳዳው ዓይኑን ያስገባው ሰው እናንተ ትሆናላችሁ።